የሰሜኑን ፖሊስ ጣቢያ መሬት ከመምረጣችሁ በፊት

ለሲያትል ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለሲያትል ከተማ ምክር ቤት አባላት
ግልባጭ፦ በሰሜን ሲያትል ለምትኖሩ ወገኖቼ

ጉዳዩ፦ ቁጥሩ እያደገ ላለው የከተማው ፖሊስ ስለሚዘጋጀው ቤት

እንደምን ሰነበታችሁ።

ሰሜን ሲያትል ውስጥ ተከራይቼ የምኖር፣ ግብሬን በጊዜው የምከፍል ሰው ነኝ። ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ከተማው ማስታወቂያውን ከሚያስተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ስለሆነ አንባቢ አታጡም። ደግሞም ወገኖቼ እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። ጉዳዩ የእነሱም ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሲያትል ፖሊስ ከ2020 ወዲህ ከ700 በላይ ባልደረቦቹን አጥቷል (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። አንዳንዱ ጡረታ ወጣ፣ አንዳንዱ ሌላ ከተማ ሄደ፣ አንዳንዱ ሥራው አስጠላው። አሁን ግን ነፋሱ ዞሯል። በ2024 የጸደቀው የፖሊሶች የሥራ ውል ደመወዙን በ23 በመቶ ገደማ ከፍ አደረገው። አዲስ የሚቀጠር ፖሊስ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ይጀምራል። በ2025 ደግሞ የተቀጠሩት ከለቀቁት በለጡ። ሰው ሲጨምር ወንበር፣ የልብስ ቁም ሳጥን፣ የመኪና ማቆሚያ ይፈለጋል። ስለዚህ በ2016 መሳቢያ ውስጥ የገባው ጥያቄ ተመልሶ እንደሚመጣ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። የሰሜኑ ፖሊስ የት ይቀመጥ?

ከእናንተ አብዛኞቻችሁ ያኔ ወንበሩ ላይ አልነበራችሁም። ከወገኖቼም ብዙዎቹ ገና አልመጡም ነበር። ታሪኩን ላስታውስ።

ከተማችን አምስት የፖሊስ ቀጣናዎች አሏት። ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ። እኛ "ኖርዝ ፕሪሲንክት" የምንለው የሰሜኑ ጣቢያ ከሺፕ ካናል (ከመርከብ ቦዩ) ወዲህ፣ በሰሜን በኩል ያለውን ሰፈር ሁሉ ብቻውን ይዟል። ከከተማው ነዋሪ 40 በመቶው ገደማ የሚኖረው እዚህ ነው። ኮሌጅ ዌይ ላይ ያለው ቤት በ1984 ሲከፈት የታሰበው ለ154 ሰው ነበር። በ2016 ወደ 250 ሰው ታጭቆበት ይሠራ ነበር።

መፍትሔ ተብሎ የመጣው አውሮራ ጎዳና ከ130ኛ መንገድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አዲስ ጣቢያ መሥራት ነበር። ስፋቱ 105,000 ካሬ ጫማ፣ ማለትም ወደ 9,750 ካሬ ሜትር። የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ አለው። ማሠልጠኛ አለው። የተኩስ መለማመጃ አለው። ዋጋው መጀመሪያ 160 ሚሊዮን ዶላር ተባለ፤ ጩኸት ሲበዛ ወደ 149 ሚሊዮን ወረደ። ይህን ገንዘብ ለስፋቱ አካፍሉት። አንዱ ካሬ ጫማ ከ1,400 ዶላር በላይ ይመጣል። ማቆሚያውም ምኑም ተደምሮ ነው ቢባል እንኳ ያስደነግጣል።

ወጣቶቹ "ምሽጉን እናስቁም" ብለው ተነሡ። ብሎክ ዘ ባንከር የሚባለው እንቅስቃሴ ማለት ነው። ምክር ቤቱ ኦገስት 15 ቀን 2016 ሰባት ለአንድ በሆነ ድምፅ ዕቅዱ ይቀጥል አለ። አዳራሹ በተቃዋሚ ተሞልቶ ነበር። ልክ በወሩ፣ ሴፕቴምበር 15፣ ያኔ ከንቲባ የነበሩት ኤድ መሪ ፕሮጀክቱ ለጊዜው ይቁም አሉ። ቆመ። እስከ ዛሬም ቆሟል።

እኔ "ፖሊስ አያስፈልግም" ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ይህን ቀድሜ ልናገር፤ አለዚያ ደብዳቤዬን ከዚያ ሳጥን ውስጥ ትከቱታላችሁ። ሌክ ሲቲ ዌይና አውሮራ ላይ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያለው ሐበሻ ሁሉ መስታወቱ ሲሰበር የሚደውለው ወደ 911 ነው። ማታ ማታ ታክሲና ኡበር የሚነዳው ልጅ አንዱ ተሳፋሪ ሲያስፈራራው የሚደውለውም ወደዚያው ነው። ብዙ ጊዜ የምንሰማው ቅሬታ "ፖሊስ በዛብን" የሚል አይደለም። "ጠርተነው ዘገየ" የሚል ነው። ለ154 ሰው በተሠራ ቤት ውስጥ 250 ሰው አጭቆ ጥሩ አገልግሎት መጠበቅም ቀልድ ነው። ቤት ያስፈልጋቸዋል። በዚህ አልከራከርም።

የምከራከረው በቦታውና በአካሄዱ ነው።

አካሄዱን ላስቀድም። ያኔ መሬቱ ተመረጠ፣ ንድፉ ተሠራ፣ ዋጋው ወጣ። ሕዝቡ የተጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ከተማው "የዘር ፍትሕ መመዘኛ" የሚለው የራሱ አሠራር አለው። አንድ ፕሮጀክት በተለያየ ዘር ላይ የሚያመጣውን ጫናና ጥቅም የሚመዝን ነው። ለዚህ ጣቢያ ግን መመዘኛው በቁምነገር የተነሣው ጩኸቱ ከጀመረ ወዲያ ነው። ሠርጉ ካለቀ በኋላ ሽማግሌ እንደመላክ ያለ ነገር ነበር። ያ ሁሉ የንድፍ ገንዘብ የባከነው ተቃዋሚው ጩኸታም ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። ጥያቄው የመጣው መልሱ ካለቀ በኋላ ስለነበር ነው።

አሁን ወደ ቦታው ልምጣ። ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው።

አውሮራን ታውቁታላችሁ። የክፍለ ሀገሩ አውራ ጎዳና ቁጥር 99 ነው። ሰፊ ነው፣ መኪናው ይከንፋል፣ ወደ ሰሜን ስትወጡ አንዳንዱ ቦታ የእግረኛ መንገድ እንኳ የለውም። "ራፒድ ራይድ ኢ" አውቶቡስ በላዩ ይመላለሳል፤ እሱን አልክድም። ግን ከአውቶቡሱ ወርዳችሁ ልጅ በጋሪ እየገፋችሁ ያንን መንገድ ስትሻገሩ ምን እንደሚሰማችሁ ሞክሩት። "ወንጀሉ ያለው አውሮራ ላይ ስለሆነ ጣቢያውም እዚያ ይሁን" የሚል ክርክር ያኔም ነበር፣ ወደፊትም ይመጣል። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ተረኛ ፖሊስ ፈረቃውን የሚያሳልፈው መኪና ውስጥ ነው። ጥሪ ሲመጣ የሚነሣው ከጣቢያው ሳይሆን ካለበት መንገድ ነው። ግዙፍ ሕንፃ አውሮራ ላይ መቆሙ አውሮራ ላይ የሚያልፈውን የፖሊስ መኪና ቁጥር አይጨምርም። አውሮራ ላይ መታየት ከፈለጋችሁ ከሱቆቹ መሐል ሁለትና ሦስት ፖሊስ የሚቀመጥበት ትንሽ ቢሮ ተከራዩ። ባለሱቆቹ ስማቸውን ያውቋቸዋል። ዋጋውም ከአንድ ምግብ ቤት ኪራይ አይበልጥም።

ኮሌጅ ዌይ ላይ ያለውን አሮጌውን ጣቢያ ደግሞ እዩት። በ2016 ክርክሩ ሲካሄድ ያልነበሩ ሁለት ነገሮች አሁን አጠገቡ አሉ። ኦክቶበር 2021 የኖርዝጌት የባቡር ጣቢያ ተከፈተ። አብሮት የጆን ሉዊስ መታሰቢያ ድልድይ ተከፈተ። ድልድዩ የእግረኛና የብስክሌት ነው። ከባቡሩ ተነሥቶ ኢንተርስቴት 5 የተባለውን ፈጣን አውራ ጎዳና በላይ አቋርጦ ኖርዝ ሲያትል ኮሌጅ ጋ ያወርዳችኋል። የፖሊስ ጣቢያው ከኮሌጁ ጎን ነው። ማለትም ከከተማው ደቡብ፣ ከሬኒየር ቢች በባቡር የተነሣ ሰው መኪና ሳይነካ ሰሜኑ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ይደርሳል። ይህን ቦታ ሌላ ከተማ ቢያገኘው ይሳለመው ነበር። እኛ ግን "ጠበበ" ብለን ጥለነው ልንሄድ ነበር።

130ኛ መንገድ ላይም ፓይንኸርስት የተባለ የባቡር ጣቢያ ተሠርቷል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን እሱ ያለው ከኢንተርስቴቱ ጎን ነው፤ አውሮራ ለመድረስ ገና ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። በክረምት፣ በዚህ ከተማ ዝናብ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ለአንድ አሮጊት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱ።

በእግር የሚመጣ ሰው ለምን ይህን ያህል እንዳስጨነቀኝ ላስረዳ። እዚህ ላይ ስለ እኛ ሰው መናገር አለብኝ።

ብዙዎቻችን ፖሊስ ጣቢያ ሲባል የሚታወሰን ሌላ ነገር ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ለጠፋ መታወቂያ የፖሊስ ማስረጃ ለማጻፍ ጣቢያ ገብቷል። ያ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሌላ ነው። "ሦስተኛ ገባ" ሲባል የቤተሰብ ፊት ይለወጣል። "ማዕከላዊ ገባ" ሲባል ደግሞ ለቅሶ ነበር። ማዕከላዊ በ2018 ተዘጋ፤ በዓመቱ ለጎብኚ ተከፍቶ ሰዉ ክፍሎቹን ገብቶ አያቸው። ሕንፃው ይዘጋል፣ በሰው ልብ ውስጥ ያለው ግን ቶሎ አይዘጋም። አሜሪካ ገብቶ ሃያ ዓመት የኖረ፣ ዜግነት የወሰደ፣ ቤት የገዛ ሰው ዛሬም ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ እግሩ ይከብደዋል። ልጆቹ ይስቁበታል። እሱ አይስቅም።

ከእነዚህ ሰዎች መሐል ባሏ የሚደበድባት ሴት አለች። ቤቷ ሆና 911 መደወል አትችልም፤ ባልየው እዚያው ነው። ስልኳ ላይ ቅጽ መሙላት አትችልም፤ እንግሊዝኛዋ አይበቃም፣ ስልኩንም እሱ ያየዋል። ያላት ዕድል "ገበያ ሄድኩ" ብሎ መውጣት፣ ባቡር ወይም አውቶቡስ መያዝ፣ አንድ በር ከፍቶ መግባት ነው። ያ በር የት እንደሆነ የሚወሰነው በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ነው። ትልቅ አጥር፣ ትልቅ ማቆሚያ፣ ከፊት ለፊቱ ስድስትና ሰባት ረድፍ መኪና የሚያልፍበት ሕንፃ ከሆነ አትገባም። አትሳሳቱ፤ ተመልሳ ቤቷ ትሄዳለች።

ስለዚህ ጣቢያውን ለሁለት ክፈሉት ነው የምለው። ሰው የሚገባበት ክፍል አለ፣ ሰው የማይገባበት አለ። ሪፖርት መቀበያው፣ መርማሪው ተበዳዩን የሚያነጋግርበት ክፍል፣ አስተርጓሚ የሚቀመጥበት፣ የሰፈር ስብሰባ የሚደረግበት አዳራሽ ኮሌጅ ዌይ ላይ ይሁን። የጥበቃ ፈረቃውም ከዚያው ይውጣ። ቤቱን አድሱት፣ ካስፈለገም አፍርሳችሁ እዚያው ከፍ አድርጋችሁ ሥሩት። የተኩስ መለማመጃ ግን ከባቡር ጣቢያ ጎን ምን ይሠራል? ማሠልጠኛው፣ የተያዘ ንብረት መጋዘኑ፣ ትርፍ መኪና ማቆሚያው የኢንዱስትሪ ሰፈር ይሂድ። መሬቱ ይረክሳል፣ ጎረቤትም አይረበሽም። 105,000 ካሬ ጫማ የደረሰው እነዚህ ሁሉ አንድ ጣሪያ ሥር ይግቡ ስለተባለ ይመስለኛል። ስትበትኑት አስፈሪው ቁጥር ራሱ ይሟሽሻል።

አንድ ሌላ ነገር ከ2016 ወዲህ ተለውጧል። በ2023 "ኬር" የተባለው መምሪያ ተቋቋመ። የአእምሮ ጤና ወይም የማኅበራዊ ችግር ጥሪ ሲመጣ ባለሙያ ይልካል። ጠመንጃ የሌለው ሰው ማለት ነው። በ2025ቱ የፖሊስ ውል መሠረት ደግሞ በአንዳንድ ጥሪዎች ላይ ፖሊስ ሳይከተላቸው ብቻቸውን እንዲሄዱ ተፈቅዷል። እነሱስ የት ይቀመጣሉ? ለፖሊስ ብቻ ተብሎ ለ50 ዓመት የሚሆን ሕንፃ ስትነድፉ እነዚህን ሰዎች በኋላ ከደረጃ ሥር ልትሸጉጧቸው ነው ማለት ነው። በእኔ አስተያየት በአንድ በር ገብቶ፣ በስተቀኝ ፖሊስ በስተግራ የኬር ባለሙያ ቢገኝ፣ ከላይ ያልኳችሁ ሴት ወደ ግራ ትዞራለች። ከዚያ ጀምሮ ወደ ቀኙም ልትመጣ ትችላለች።

የመሬት መንቀጥቀጡን ክርክር አልንቀውም። በፌብሩዋሪ 2001 የኒስኳሊው መንቀጥቀጥ 6.8 ሲለካ እዚህ የነበረ ሰው ዛሬም ያወራዋል። ከተማችን ራሷ ስንጥቅ ላይ ነው የተቀመጠችው። ፖሊስ ጣቢያ ሌላው ሁሉ ሲወድቅ መቆም ያለበት ቤት ነው፤ የ1984 ቤት ደግሞ የዛሬውን ደረጃ አያሟላ ይሆናል። ይህ ግን አጠንክሮ የመሥራት ጉዳይ ነው። በ130ኛ መንገድም በኮሌጅ ዌይም ያው ብረትና ሲሚንቶ ነው። ደግሞ ሁሉን ነገር አንድ ሕንፃ ውስጥ ከማከማቸት በሁለት ቦታ መበተን በመንቀጥቀጥ ጊዜ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። መሐንዲሶቻችሁን ጠይቋቸው።

አንዳንዶች ደግሞ የምሥራቁን ጣቢያ ያነሡብኛል። እሱ ያለው ካፒቶል ሂል በተባለው ሰፈር፣ 12ኛ ጎዳናና ፓይን ላይ ነው። ከሰፈሩ መሐል፣ ከቡና ቤቱ ጎን፣ በሩ ወደ መንገድ። በጁን 2020 ተቃውሞው ሲበረታ ፖሊስ ጥሎት ወጣ፤ ሰፈሩ እስከ ጁላይ 1 ድረስ በተቃዋሚዎች እጅ ቆየ። "ይኸው፣ ክፍት ጣቢያ እንዲህ ያደርጋል፣ አጥር ይሻላል" የሚል አለ። እኔ ግን የማየው ሌላ ነው። ሕዝቡ የተቆጣው በሕንፃው በር አይደለም። የፌዴራሉ የፍትሕ ሚኒስቴር ከከተማው ጋር በ2012 ስምምነት የፈረመው፣ ፖሊስ ኃይል አጠቃቀሙን እንዲያስተካክል ፍርድ ቤት ሲከታተለው የኖረው፣ ክትትሉም በ2025 ብቻ ያበቃው በሌላ ምክንያት ነው። 13 ዓመት የፈጀውን ያን ሁሉ መተማመንን የመመለስ ሥራ ሠርታችሁ ስታበቁ፣ ቀጥሎ የምትሠሩት ሕንፃ ምሽግ ከሆነ፣ ሰዉ ምን ይበል?

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ያ ፕሮጀክት ሲቆም ምክር ቤቱ በዚያው መኸር 29 ሚሊዮን ዶላር ለዝቅተኛ ገቢ ሰው መኖሪያ ቤት በቦንድ መድቧል። በዚህ ከተማ ኪራይ የሚከፍል ሰው ይህን አይረሳውም። ደግሞ ግዙፍ ዋጋ ይዛችሁ ብትመጡ ያው ንጽጽር በማግሥቱ አዳራሹ ውስጥ ይነሣል። እውነቱን ለመናገር እኔም ከሚያነሡት አንዱ እሆናለሁ።

አሁን ለወገኖቼ ሁለት ቃል ልበል። በ2016ቱ ጫጫታ ውስጥ የእኛ ድምፅ ምን ያህል ተሰማ? እኔ ብዙም አልሰማሁም። ሰሜን ሲያትልና ሌክ ሲቲ የምንኖር ሰዎች ጉዳዩን የሰማነው ካለቀ በኋላ ነው። ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይደለም። የምክር ቤቱ ስብሰባ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ በ2 ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ግማሻችን መሪ ጨብጠናል፣ ግማሻችን አረጋውያን እንንከባከባለን፣ የተረፈው ለማታ ሥራ ተኝቷል። ግን በስልክም መናገር ይቻላል፣ በጽሑፍም ይቻላል። አስተርጓሚም አስቀድማችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ቡና ላይ የምናወራውን ያህል እዚያም እንናገረው። "እኛን ማን ይሰማናል" የምትለዋን ነገር ቢያንስ ሞክረን ካልሆነልን በኋላ እንበላት።

እናንተ ደግሞ፣ ክቡራን፣ ይህን ቀላል አድርጉልን። መሬት ከመመረጡ በፊት፣ ንድፍ አውጪ ከመቀጠሩ በፊት፣ ማታ ላይ ወይም ቅዳሜ አንድ ስብሰባ ኖርዝጌት ወይም ሌክ ሲቲ ላይ ጥሩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስላለን እሑድን ተዉልን፤ ዓርብ ቀትርም ለሙስሊም ወንድሞቻችን አይመችም። ማስታወቂያውን በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አውጡት። ድረ ገጽ ላይ ብቻ ለጥፋችሁ "አሳወቅን" አትበሉ። እንጀራ በሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ ለጥፉት፣ ያኔ ሰው ያየዋል። የምታመጡት ደግሞ ያለቀ ሥዕል አይሁን። የኮሌጅ ዌይን ቦታ ማስፋት ምን ያህል እንደሚያወጣ፣ ለሁለት መክፈል ምን ያህል እንደሚያወጣ፣ አዲስ መሬት ምን ያህል እንደሚያወጣ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጡልን። የሰሜን ሲያትል ሰው ሒሳብ ያውቃል።

በ2016 የተገዛው ንድፍ ከመሳቢያው ወጥቶ አቧራው ተራግፎ እንዳይመጣ አደራ። ስብሰባውን ከጠራችሁ ወንበር በማምጣትም፣ በማስተርጎምም፣ ቡና በማፍላትም የምንረዳ ብዙ ነን።

ከአክብሮት ጋር
የሰሜን ሲያትል ነዋሪ